ፈረንሳይ፣ ቃሊቲ፣ ቦሌ፦ ብርቱካን ሚደቅሳ በአዲስ ፓርቲ የሄዱበት መንገድ



ሴት የእድር ጸሐፊ ስትሆን ማንም አይገረምም። የእቁብ ዳኛ ሆና ዕጣ ስታወጣ፣ ያልከፈለውን ስታስታውስ፣ የተጣላውን ስታስታርቅ “እሷ ካለች ሒሳቡ አይጠፋም” ይባላል። በየሰፈራችን፣ ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከየካ እስከ ቦሌ ቡልቡላ፣ ይህን ሥራ ለዓመታት ስንሠራው ኖረናል። አንዲት ሴት የፖለቲካ ፓርቲ እመራለሁ ስትል ግን ነገሩ ይለወጣል። “ምን ነክቷት ነው?” ይባላል። “ልጅ የላትም እንዴ?” ይባላል። እናቷ ትፈራለች፣ ጎረቤት ያንሾካሹካል፣ ወንድሞቿ ይመክራሉ።

ማኅበራችን የማንም ፓርቲ ደጋፊ አይደለም፤ ደንባችንም አይፈቅድም። ይህ ጽሑፍም ለማንም ፓርቲ ድምፅ ስጡ አይልም። ነገር ግን የከተማችንን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ካላወቅን ሴት ልጆቻችን ስለ አደባባይ ሕይወት ሲጠይቁን የምንመልሰው ፍርሃታችንን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ እትም የአንዲትን ሴት መንገድ እናያለን። ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ የአንድ ትልቅ የፖለቲካ ኅብረት ምክትል ሊቀ መንበር፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ የአንድ አዲስ ፓርቲ ሊቀ መንበር የሆኑ ሴት ናቸው። ያደጉት በእኛው በኩል፣ ከእንጦጦ ግርጌ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የታሰሩት በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በቃሊቲ ነው። ከስደት የተመለሱት በቦሌ ነው። ታሪካቸው የአገር ታሪክ ቢሆንም የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰዎች መንገዱን በእግራችን የምናውቀው ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው በር

የኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው ምክር ቤት አልነበረውም፤ ወንዱም ሴቱም አይመርጥም ነበር። ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957፣ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ነበሩ።

ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የነበሩ፣ ተይዘው ወደ ጣልያን አገር ተወስደው የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ ተውኔትም የጻፉ ሰው ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ አይፈቀድምም ነበር። ተመራጩ የሚቀርበው በግሉ፣ በስሙ፣ በሀብቱና በቤተሰቡ ክብር ነው። የወ/ሮ ስንዱ አባት ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአገሩ የታወቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በዚያ በር ለመግባት የሚችሉት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስም ያላት ትገባለች፤ ስም የሌላት ከውጭ ትቀራለች።

በደርግ ዘመን ፓርቲ መጣ፤ ግን አንድ ብቻ ነበር። ሴቶች በቀበሌና በሴቶች ማኅበር በብዛት ቢደራጁም የሚያስተላልፉት ከላይ የመጣውን ነው። እናቶቻችን ስለዚያ ዘመን ሲነግሩን ስብሰባው ብዙ፣ የሚጠየቁት ግን ጥቂት እንደነበረ ያነሳሉ። ከ1983 በኋላ ብዙ ፓርቲዎች ተፈቀዱ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ ከኋላ የቀሩበትን ለማካካስ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸውም ፈቀደ። ቢሆንም በ1992ቱ ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ሴቶች ያገኙት 42 ብቻ ነበር። በሩ በሕግ ተከፍቷል፤ የሚገባው ግን ትንሽ ነው።

ከዳኝነት ወንበር

ወ/ሪት ብርቱካን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። አገሩ ስማቸውን የሰማው በአንድ የዋስትና ጉዳይ ነው። በ1993 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ከተፈጠረ በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ቀረቡ። ዳኛዋ ሕጉን አይተው በዋስ እንዲለቀቁ ትእዛዝ ሰጡ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ግቢ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ብዙ ሳይቆይም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ይህን ጉዳይ ያነሳነው አቶ ስዬን ለመከላከል ወይም ለመክሰስ አይደለም። የዳኝነት ወንበር ምን ያህል ኃይል እንዳለውና ምን ያህል እንደሌለው በአንድ ቀን ስላሳየ ነው። አንዲት ወጣት ዳኛ ሕጉ የሚለውን ጻፈች፤ ወረቀቱ ግን በር ላይ ቆመ። በእድራችን ቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈውን ማንም እንደፈለገ የሚሽረው ከሆነ ጸሐፊዋ ምን ትሠራለች? ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ትለቃለች፣ ወይ ደንቡን ለማስከበር ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። ወ/ሪት ብርቱካን ከዳኝነት ወጥተው በጥብቅና ሠሩ፤ ቀጥሎም ሦስተኛውን መንገድ መረጡ።

አዲስ ፓርቲ ለምን ለወጣት ሴት ይመቻል?

ከ1997ቱ ምርጫ በፊት በአዲስ አበባ ምሁራንና የሕግ ባለሙያዎች ተሰባስበው “ቀስተ ደመና” የሚባል ንቅናቄ አቋቋሙ። ዶ/ር ብርሃኑ ነጋና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ ወ/ሪት ብርቱካንም ገቡበት። በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀስተ ደመና፣ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅንና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ተጣምረው ቅንጅትን መሠረቱ። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ሊቀ መንበር፣ ወ/ሪት ብርቱካን ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ሠላሳ ዓመት ገና ያለፋት ሴት እንዴት በዚህ ፍጥነት እዚያ ደረሰች? በቆየ ድርጅት ውስጥ መሰላሉ ረጅም ነው። ከሥር ያለችው ሴት ሻይ ታፈላለች፣ ታዳራሽ ታስውባለች፣ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ትባላለች። ላይኛው ወንበር ደግሞ አብረው የታገሉ፣ አብረው የታሰሩ፣ አብረው ያረጁ ወንዶች ነው። አዲስ ፓርቲ ግን ነባር ወረፋ የለውም። የሚፈልገው ሕግ የሚያውቅ፣ ሰው ፊት መናገር የሚችል፣ ስሙ በሐቅ የሚነሳ ሰው ነው። ወ/ሪት ብርቱካን ሦስቱም ነበሯቸው። ለአራት ድርጅቶች ኅብረት ደግሞ ሁሉም የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል፤ በቆየ ቁርሾ ውስጥ ያልነበረ ሰው ለዚህ ይመረጣል። እቁብ ስናቋቁምም ዳኛ የምናደርገው ከማንም ጋር ያልተካሰሰውን አይደለም እንዴ?

ስለዚህ አዲስ ፓርቲ ለወጣት ሴት አቋራጭ መንገድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌላም ጎን አለው፤ እሱን ታሪኩ ራሱ ይነግረናል።

1997 በእኛ ሰፈር

የዚያን ዓመት ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየች ሁሉ አትረሳውም። ግንቦት 7 ቀን ደግሞ ከንጋት በፊት ጀምሮ ሰልፉ በየምርጫ ጣቢያው ተሠራ። በቦሌ፣ በየካ፣ በገርጂ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወጣቶች ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ አዛውንቶች በልጆቻቸው ተደግፈው ቆሙ። የየትኛውም ወገን ደጋፊ ይሁኑ፣ ያን ቀን ሰው ድምፁ ዋጋ እንዳለው አምኖ ነው የወጣው።

ውጤቱ ሲነገር ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን አሸናፊው ማን እንደሆነ ክርክር ተነሣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች የምርጫውን ሂደት በመቃወም ፓርላማ አንገባም አሉ። ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ወ/ሪት ብርቱካንም ከእነሱ ጋር ነበሩ።

በዚያው ጥቅምት ወር ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ላይቤሪያውያን በምርጫ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍን ፕሬዚዳንት አደረጉ። በአፍሪካ ሕዝብ መርጧት አገር የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እሳቸውም በ1980ዎቹ (በአውሮፓውያን) በአገራቸው ታስረው ነበር። አንዲት ከእስር ወደ ወንበር፣ አንዲት ከወንበር ወደ እስር። ልዩነቱ በሴቶቹ ችሎታ አልነበረም፤ በአገሮቹ ጊዜና በተቋሞቻቸው ነበር።

ቃሊቲና ስንቅ

በሐምሌ 9 ቀን 1999 ወ/ሪት ብርቱካንና ሌሎች መሪዎች ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ከአራት ቀን በኋላ ሐምሌ 13 በይቅርታ ወጡ። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ነበር። ቅንጅት ግን በእስሩ ዓመታት ተሰነጣጥቆ ስሙም ለሌላ ወገን ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ በሰኔ 2000 ዓ.ም. አዲስ ፓርቲ ተመሠረተ፤ “አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ” ተባለ። ሊቀ መንበር የተደረጉት ወ/ሪት ብርቱካን ነበሩ። በአገራችን አንዲት ሴት፣ ያውም በዚያ ዕድሜ፣ ትልቅ ተቃዋሚ ፓርቲን በጉባኤ ተመርጣ ስትመራ ማየት ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር።

ብዙ አልቆየም። ወደ አውሮፓ ሄደው በስዊድን ስለ ይቅርታው ሂደት የተናገሩት ንግግር ጉዳይ ሆነ። መንግሥት “ይቅርታ አልጠየቅሁም ብለዋል” አለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስተባብሉ ተነገራቸው። እሳቸው “ቃሌ” የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጡ፤ የሆነውን እንደሆነ ነገሩ እንጂ አላስተባበሉም። ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ተያዙ። ይቅርታው ተሽሮ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው፤ ለወራትም ለብቻቸው ተለይተው ታሰሩ። ከዚያ እስር የወጡት መስከረም 26 ቀን 2003 ነው።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከፖለቲካው ይልቅ የእኛን ልብ የሚነካው ሌላ ነገር ነው። ወ/ሪት ብርቱካን ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ለረጅም ጊዜ እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ልጃቸው ብቻ ነበሩ። ልጅ በአያት እጅ አደገች። ቃሊቲ የታሰረ ዘመድ የነበራት ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፦ ሌሊት ተነሥቶ ምግብ መሥራት፣ በአገልግል አስሮ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር፣ በር ላይ ተሰልፎ መፈተሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ መተያየት፣ ባዶ ዕቃ ይዞ መመለስ። አንድ ሰው ፖለቲካ ገባ ሲባል ስንቅ የምታመላልሰው ሴት አብራ ትገባለች። ስሟ በጋዜጣ አይወጣም። በታሪክ መጻሕፍትም አይገኝም። እኛ ግን እዚህ እንጽፈዋለን፤ የሴት መሪ ታሪክ ያለዚያች አያት ታሪክ ሙሉ አይደለምና።

በዚያው ታኅሣሥ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት የሚመጣውን እናንሳ። ወ/ሪት ብርቱካን በተያዙበት በዚያው ወር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2001፣ ፓርላማው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራትን አዋጅ አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ይባላል። በዚያ ሕግ መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በፍትሕ ማሻሻያ ሥራ መሰማራት አይችልም ተባለ።

ይህ ለሴቶች ምን ማለት ነበር? በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊና በሌሎች የሕግ ባለሙያ ሴቶች በ1987 አካባቢ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተደበደቡ፣ ለተደፈሩ፣ ንብረት ለተነጠቁ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። ከአዋጁ በኋላ ሥራው እጅግ ጠበበ። የምክር ቢሮ በር ሲዘጋ የሚቆመው ወረፋ የት ይሄዳል? ወደ ዘመድ፣ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ዝምታ።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወር መሆናቸው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለእኛ የሚያስተምረን ግን ግልጽ ነው። የፓርቲ መድረክ ሲጠብብ የማኅበር መድረክም ይጠብባል። “እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም፤ ልብስ ስፌትና ቁጠባ ነው ሥራችን” ማለት ሙሉ በሙሉ አይጠብቀንም። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል፤ ዛሬ እንደኛ ያሉ ማኅበራት ከደጋፊዎቻቸው ጋር ቀለል ባለ መንገድ ይሠራሉ። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ደጋፊዎቻችን ገንዘባችሁ ዛሬ ወደ እኛ የሚደርሰው በዚህ ለውጥ ምክንያትም እንደሆነ እንድታውቁ እንወዳለን።

ያለ መሪ የቀረ ፓርቲ

ሊቀ መንበሯ ታስረው አንድነት ምን ሆነ? ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ ሁለቱም ይነገሩ። አንደኛው፣ ፓርቲው ውስጥ ክርክርና ክፍፍል ተነሣ። አዲስ ቤት ግድግዳው ገና ስላልደረቀ ምሰሶው ሲነሣ ይዘማል። ሁለተኛው፣ ቢሆንም ፓርቲው አልፈረሰም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ገቡበት። ሌላም ሰው ገቡበት፦ አቶ ስዬ አብርሃ። ከዓመታት በፊት ያቺ ወጣት ዳኛ በዋስ ይለቀቁ ያሏቸው ሰው፣ ዳኛዋ ራሳቸው ታስረው ሳለ በመሠረቱት ፓርቲ አባል ሆኑ። ሕግን ለጠላትም ለወዳጅም እኩል መያዝ የሚያፈራው ፍሬ አንዳንዴ ዘግይቶ ይታያል።

በ2002 ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ወንበር ነበር፤ እሱንም በአዲስ አበባ ያሸነፉት የአንድነቱ አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው። በ2007 ደግሞ የፓርቲው ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለአንድ ወገን ተሰጠና ብዙ አባላት ወጡ። በ2011 ፓርቲው ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በኢዜማ ውስጥ ገባ። ፓርቲ ይመሠረታል፣ ይከፈላል፣ ይዋሐዳል፣ ስሙን ይለውጣል። ያ ሁሉ ሲሆን ሰው የሚያስታውሰው ቃሉን የጠበቀውን ነው።

በሌላ በኩል በእነዚያው ዓመታት በፓርላማ የሴቶች ቁጥር ጨመረ። በ1992 የነበሩት 42 በ1997 ወደ 117፣ በ2002 ወደ 152፣ በ2007 ወደ 212 ደረሱ። ይህ በአብዛኛው ገዢው ፓርቲ ለሴት ዕጩዎች ድርሻ በመመደቡ የመጣ ነው። ልጆቻችን ሴት በፓርላማ መቀመጧን እንደ ልማድ እያዩ ማደጋቸው ጥሩ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በጨመረበት ዘመን የተለየ ሐሳብ ያላት ሴት መሪ እስር ቤት ነበረች። ስለዚህ “ስንት ሴት አለች?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም። “የመሰላትን ተናግራ ማታ ቤቷ ትገባለች ወይ?” ብሎ መጠየቅም አለብን።

በቦሌ መመለስ

ወ/ሪት ብርቱካን ከእስር ከወጡ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲም ተማሩ። በ2010 በአገሪቱ የመጣውን ለውጥ ተከትሎ ጥቅምት 29 ቀን 2011 በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ገቡ። ወሩ ለሴቶች ልዩ ወር ነበር። ጥቅምት 6 ግማሹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ተሾመ። ጥቅምት 15 አምባሳደር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጥቅምት 22፣ የቅንጅት መሪዎች መታሰር በጀመረበት ቀን በ13ኛው ዓመት፣ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኅዳር 13 ደግሞ ወ/ሪት ብርቱካን የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።

ይህ ወንበር ከፓርቲ ወንበር የተለየ ነው። የፓርቲ መሪ ለማሸነፍ ትሠራለች፤ የቦርድ ሰብሳቢ የተሸነፈውም ውጤቱን እንዲያምን ትሠራለች። ወደ ዳኝነት መመለስ ነው ማለት ይቻላል። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ በቦርዱ ተካሄደ። አዲሱ የምርጫና የፓርቲዎች አዋጅ፣ ቁጥር 1162/2011፣ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን 10,000፣ ክልላዊ ለመሆን 4,000 መሥራች አባላት ጠየቀ፤ ቀድሞ 1,500 እና 750 ነበር። ብዙ ፓርቲዎች ተቃወሙት። እኛም ይህን ስናነብ አንድ ነገር እናስባለን፦ አዲስ ፓርቲ ለወጣት ሴት በር ከሆነ፣ የበሩ ደፍ ከፍ ሲል ማን ይደናቀፋል? በሌላ በኩል ደግሞ በስም ብቻ ያለ፣ በአንድ ቦርሳ የሚዞር ፓርቲ ለሴትም ለወንድም አይጠቅምም። ሁለቱም እውነት ነው፤ መመዘን ያስፈልጋል።

ምርጫው በኮቪድ ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። በትግራይ አልተካሄደም፤ በሌሎችም ብዙ ቦታዎች በጸጥታ ምክንያት አልሆነም። ገዢው ብልጽግና በሰፊው አሸነፈ። ምርጫው ያልተካሄደበትን ቦታ ረስተን ሁሉ ተሳካ አንልም፤ የቦርዱ ሥራ ከቀድሞው የተሻለ ግልጽነት እንደነበረው ግን በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ያነበበ ያውቃል። ወ/ሪት ብርቱካን በሰኔ 2015 ኃላፊነታቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ከእሳቸው በኋላ ቦርዱን እንዲመሩ የተሾሙትም ሴት ናቸው፤ ሜላትወርቅ ኃይሉ። በእኛ አገር ከወንበር በራስ ፈቃድ መነሣት ብርቅ ነው። አንዲት ሴት ስትነሣ ሌላዋ ሴት መቀመጧ ደግሞ የበለጠ ብርቅ ነው።

ለማኅበራችን የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ወደ ሥራችን ይዘን እንሄዳለን።

አንደኛ፣ በሩ የሚከፈተው ነባር ወረፋ በሌለበት ነው። አዲስ የቁጠባ ቡድን፣ አዲስ የልብስ ስፌት ክፍል፣ አዲስ የወጣቶች ኮሚቴ ባቋቋምን ቁጥር የመጀመሪያውን ሰብሳቢነት ለወጣት አባል እንስጥ። አሮጌው ኮሚቴ ላይ ወረፋ ይዘሽ ጠብቂ ማለት ዕድሜዋን መብላት ነው።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ምሰሶ አይበዛም። አንድ ሰው ሲታመም፣ ሲሰደድ ወይም ሲታሰር ሥራው እንዳይቆም ምክትል ይኑር፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ የባንክ ሒሳብ በሁለት ሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ይህን የምንለው ለፖለቲካ ሳይሆን ለራሳችን ቁጠባ ነው። ጠንካራ ተቋም ያላት ሴት ብቻዋን አትወድቅም።

ሦስተኛ፣ ስንቅ አመላላሿን እንቁጠራት። ከአባሎቻችን አንዷ ለወረዳ ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ወይም ለየትኛውም ሕዝባዊ ኃላፊነት ስትወጣ ልጇን የሚያቆይላት፣ ምጣዷን የሚጥድላት ሰው ያስፈልጋል። “በርቺ” ማለት ቀላል ነው። በተራ ልጅ መያዝ ግን ሥራ ነው፤ እቁብ በተራ እንደምንጥል ይህንንም በተራ ማድረግ እንችላለን። ለሕፃናት ማቆያ ክፍላችን የሚሰጥ እያንዳንዱ ድጋፍ በዚህ መንገድ የአንዲትን ሴት ድምፅ ወደ አደባባይ ያወጣል።

ሴት ልጃችን “እማዬ፣ ፓርቲ ልግባ?” ብላ ብትጠይቅ ግቢ ወይም አትግቢ ማለት የእኛ ፋንታ አይደለም፤ ውሳኔው የእሷ ነው። የእኛ ድርሻ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መንገዱን ሳንደብቅ መንገር ነው፦ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንዴት እንደተጀመረ፣ ቃሊቲ ምን እንዳስከፈለ፣ ቦሌ ማን እንደተመለሰ። ሌላው ከሄደች በኋላ ብቻዋን እንዳትቀር መደራጀት ነው። ይህን ደግሞ ሴቶች ፖለቲካ ከመጀመራቸው በፊትም እናውቅበት ነበር።